ደም ያለበት ተቅማጥ ሁሉ አሜባ ነውን?

በግቢያችን አንድ ተማሪ ሆዱን ሲቈርጠው ሐኪሙ ብዙ ነው። አንዱ «አሜባ ነው» ይላል፤ ሌላው ካለፈው ወር የተረፈውን ክኒን ይሰጠዋል፤ ነገሩም በዚያው ያልቃል። እርግጥ አሜባ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ለሳምንታት ሲቈይና ሰውነት ሲከሳ፥ ያንኑ ክኒን መደጋገም ሕክምና አይባልም።

የአርት ፋኩልቲ ተማሪ ስለ ሆንኩ «አንተን ምን አገባህ?» የሚለኝ አይጠፋም። አንጀት ግን ፋኩልቲ አይለይም።

ሐኪሞች የሚያውቁት ሥር የሰደደ የአንጀት ብግነት አለ፤ ይኸውም የሰውነት መከላከያ ኀይል በገዛ አንጀቱ ላይ ሲነሣ የሚመጣ ነው። አንዱ ዓይነት ትልቁን አንጀት ያቈስላል፤ ሌላው እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1932 ዓ.ም. ዶክተር ክሮንና ሁለት ባልደረቦቹ ኒው ዮርክ ላይ የጻፉለት የክሮን በሽታ ነው።

እኔን የገረመኝ የደም ሥሮቹ ነገር ነው። አንጀቱ ሲቈጣ ደቃቅ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፥ ፈሳሽም ያሾልካሉ፤ የውስጥ ግድግዳቸው እንደ ሙጫ እየሆነ ነጭ የደም ሕዋሶችን ይዞ ወደ ቁስሉ ያስገባል። አዳዲስ ሥሮችም ይበቅላሉ። ሥር ከበዛ ቁስሉ ቶሎ ይሽራል ያሰኛል፤ ሆኖም ብግነቱ ሲቈይ ሥሮቹ እንደ ልብ መስፋት ስለሚያቅታቸው ቁስሉ በቂ ደም አያገኝም። ከሁሉ የባሰው ግን ደሙ በሌላውም የሰውነት ክፍል ለመርጋት መቸኰሉ ነው። በእግር ወይም በሳንባ የደም ሥር ደም የመርጋቱ አደጋ ከሌላው ሰው ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይደርሳል፤ በሽታው ሲነሣ ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ በሽታው ተነሥቶበት ሆስፒታል ለተኛ ሰው፥ ደሙ እጅግ ካልበረታ በቀር፥ ከታች እየደማ እንኳ ደም እንዳይረጋ የሚከለክለው ሄፓሪን ይሰጠዋል። ለሚደማ ሰው ደም የሚያቀጥን! ባቱ ያበጠውን ልጅ «ኳስ መትቶህ ነው» የሚለው የካፌ ሐኪም ይህን ከየት ያመጣዋል?

«እንግዲያውስ የኔ ክሮን ነው» ማለትም ያው ጥፋት ነው። በአገራችን ያለው የአንጀት ነቀርሳ ክሮንን እጅግ ይመስላል፤ ለክሮን የሚሰጠው ፕሬድኒሶሎን ደግሞ መከላከያን ስለሚያደክም ነቀርሳውን ያባብሰዋል። ሰገራው በማይክሮስኮፕ ሳይታይ፥ አንጀቱም ካሜራ ባለው ቱቦ ሳይመረመርና ናሙና ሳይወሰድ ማንም ሊለየው አይችልም።

የማኅበራችን መሪዎች ስለ ምግብ ቤቱ ወጥ ብዙ ተከራክረውልናል። አሁን ደግሞ ደም ያለበት ተቅማጥ ከሁለት ሳምንት በላይ የቈየበት ተማሪ ክኒን ብቻ ተሰጥቶት እንዳይመለስና ወደ ሆስፒታል እንዲላክ ከግቢው ክሊኒክ ጋር ይነጋገሩልን።