ሲሸነፉ ሕግ መቀየር

ዛሬ የፍቅረኛ ነገር ይቆየን፤ ስለ ጓደኛ እናውራ። እስቲ ልጠይቃችሁ... ካርታም ይሁን ከረምቡላ ስትጫወቱ፣ መሸነፍ ሲጀምር "ቆይ ቆይ! በእኛ ሰፈር ሕጉ እንዲህ አይደለም" የሚል ጓደኛ የላችሁም? እኔ አለኝ። እሱም አለው፤ የሱ ደግሞ እኔ ነኝ!

ነገሩ እንዲህ ነው። አሰላ ክረምት ሲገባ የት ይኬዳል? ጭላሎ ጉሙን ተከናንቧል፣ መንገዱ ጭቃ ነው። እናላችሁ እሁድ እሁድ ከአንድ የልጅነት ጓደኛዬ ቤት የገብስ ቆሎ እየቆረጠምን ቼዝ እንጫወታለን። አንድ ቀን "ለምን የድሮውን የኛን ሰንጠረዥ አንሞክርም?" አለኝ። ቀይ ጨርቅ ላይ በጥቁር ክር 64 ቤት አሰመርንና ገባንበት።

ለማታውቁት፦ የሰንጠረዥ ገበታ እንደ ቼዝ ጥቁርና ነጭ ዥንጉርጉር የለውም፤ መስመር ብቻ ነው። በቼዝ "ንግሥት" የምንላት እዚያ ፈርዝ ትባላለች፤ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ነው የምትራመደው። በ1769 እ.ኤ.አ. በጀመረው ዘመነ መሳፍንት የነበሩት የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ የዚህ ጨዋታ ወዳጅ እንደነበሩ እንግሊዛዊው ተጓዥ ሄንሪ ሶልት በ1814 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ጽፏል። ደግሞ ማሸነፉ ብቻ ሳይሆን አሸናነፉም ይታይ ነበር፤ ለምሳሌ በፈረስ ማት ማድረግ ብዙም አያስመሰግንም።

ጉዱ ግን ወረራ የሚሉት ነው። መጀመሪያ ላይ ተራ ብሎ ነገር የለም! አንድ ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም በአንድ ጊዜ እንደፈለጋቸው ያንቀሳቅሳሉ። የመጀመሪያው ጠጠር ከተበላ በኋላ ነው በየተራ የሚሆነው።

ታዲያላችሁ ጓደኛዬ እጁ ፈጣን ነው። እኔ አንድ ፈረስ ሳወጣ እሱ ጦሩን በሙሉ ደጄ ላይ አሰልፎ ይጠብቀኛል። "ይሄማ ጨዋታ ሳይሆን ዝርፊያ ነው!" አልኩት። የራሳችንን ሕግ አውጥተን እንሞክር ተባባልን።

በመጀመሪያው እሁድ "በወረራ ጊዜ ለያንዳንዳችን አሥር እርምጃ" አልን። ሞከርነው። ሁለታችንም እርምጃ ስንቆጥር ወረራው ሞተ፤ ተራ ቼዝ ሆነ። በሚቀጥለው እሁድ በሞባይል አንድ ደቂቃ ያዝን። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ጠጠሩ ሁሉ መሬት ለመሬት ተንከባለለ። በሦስተኛው "በአንድ እጅ ብቻ፣ ጠጠር ከተለቀቀ አይነካም" አልን። ይሄኛው ግሩም ሆነ! ፍጥነቱ አለ፣ ግርግሩ ግን የለም።

በአራተኛው እሁድ እያሸነፍኩት ነው። ፈርዙን ልበላ እጄን ስዘረጋ "ቆይ! ፈርዝ በወረራ ጊዜ አይበላም ብለን የለም እንዴ?" አለ። መቼ አልን?! ደሜ ፈላ። እና ከአፌ የወጣው ስለ ፈርዝ አልነበረም። "አንተ ልማድህ ነው! ከጋራው ብር ላይ ሦስት ሺህ አንስተህ ብድር ነው ያልከው እኮ አንተ ነህ!" አልኩት።

በበቆጂ መስመር ድንች ገዝተን አዲስ አበባ ልንሸጥ ስምንት ወር በጋራ ስናጠራቅም ነበር። እሱም አልማረኝም። "አንተስ? ለፋሲካ 'የዚህን ወር ቀንሱልኝ' ብለህ እስካሁን መቼ ሞላኸው?" አለኝ። እውነቱን ነው።

ቡና የምታፈላው እናቱ ቀና ብላ አየችን። "ልጆቼ፣ የምትጣሉት ለጨርቁ ነው ለብሩ?" አለች። ዝም አልን። ጃኬቴን አንስቼ በዝናቡ ወጣሁ።

ሁለት ሳምንት ተኳረፍን። የአሥራ አምስት ዓመት ጓደኝነት! በሦስተኛው እሁድ ደብተር ይዞ መጣ። "ለጨዋታው ሕግ ስንጽፍ ለብሩ ለምን አንጽፍም?" አለኝ። ተቀምጠን ጻፍን። ማን፣ መቼ፣ ስንት ያዋጣል? የቸገረው ምን ያህል ያነሳል? በስንት ጊዜ ይመልሳል? እኔም የጎደለብኝን ሞላሁ፤ እሱም የወሰደውን በሦስት ወር ሊመልስ ፈረመ።

ወዳጆቼ፣ ከጨዋታው የተማርኩትን ልንገራችሁ። አንደኛ፣ ሕግ የሚወጣው ጠጠር ሳይነካ በፊት ነው፤ በመሃል የመጣ ሐሳብ ካለ ይጻፍና ለሚቀጥለው ዙር ይደር። ሁለተኛ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ሕግ ብቻ ቀይሩ፤ ሦስት ከቀየራችሁ የትኛው እንዳበላሸው አታውቁም። ሦስተኛ፣ ቦታ ተቀያየሩ። ሕጉን ያወጣው ሰው በሌላኛው ወገን ተቀምጦም "ልክ ነው" ካለ ሕጉ ልክ ነው ማለት ነው።

"በጓደኛሞች መሃል ምን ወረቀት ያስፈልጋል?" የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔም እንደዚያ ስል ነበር። ወረቀቱ ባለመኖሩ ግን ጓደኛዬን በልቤ ሌባ ስለው ከረምኩ፤ እሱም እኔን እንደዚያው። አሁን ወረራ ላይ ስንጯጯህ የምንጯጯኸው ለፈርዟ ብቻ ነው።

በነገራችን ላይ ባለፈው እሁድ አሸነፈኝ። በፈረስ ነው ታዲያ፤ አላመሰገንኩትም!

ሳምንት ያገናኘን። ቸር ሰንብቱ!