ለድንኳን የሚሆን መሬት

በኦሪት ዘኁልቍ በ33ኛው ምዕራፍ፣ ሕዝበ እስራኤል ከግብፅ ምድር ከወጡበት ዕለት ጀምሮ እስከ ሞዓብ ሜዳ ድረስ ድንኳናቸውን የተከሉባቸው ሥፍራዎች ሁሉ ተራ በተራ በየስማቸው ተጽፈው ይገኛሉ፤ ብዙ አንባቢም ይህን ምዕራፍ የስም ዝርዝር ብቻ አድርጎ ስለሚቆጥረው በችኰላ ያልፈዋል። ልብ ብሎ ላነበበው ግን ጸሓፊው ስለ ኤሊም ሲናገር 12 የውኃ ምንጮችና 70 የዘንባባ ዛፎች እንደ ነበሩ፣ ስለ ራፊዲም ሲናገር ደግሞ ሕዝቡ የሚጠጣው ውኃ እንዳልነበረ ሳይጠቅስ አላለፈም፤ ድንኳን ተካይም ስለሚያድርበት ምድር ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ነገር ይኸው ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ10ኛው ምዕራፍ ሙሴ የምድያሙን ሰው ኦባብን፣ በምድረ በዳ የሚሰፈርበትን የሚያውቅ እርሱ ስለ ሆነ እንዳይለያቸው ሲለምነው እናነባለን። በደመናና በእሳት ዓምድ ይመራ የነበረው ነቢይ የአገሩን ሰው ምክር ካልናቀ፣ የታተመ መምሪያ በእጁ የያዘ የዛሬ መንገደኛ ሊንቅ የሚችልበት ምክንያት የለም።

ይህን ያነሣሁት የምኖርባት ሉማሜ፣ የአዋበል ወረዳ ዋና ከተማ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ደጀንን ካለፉ በኋላ የምትገኝ የመንገደኛ መተላለፊያ ስለ ሆነች ነው። እኔ ባነበብኋቸው የጉዞ መምሪያ መጻሕፍት ውስጥ ደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር ለሚያልፍ ሰው የአንድ ሌሊት ማረፊያ ትሆናለች ተብሎ ጥቂት ዐረፍተ ነገር ሲሰጣት፣ የእኛይቱ ከተማ ግን ከስሟ በቀር የሚነገርላት ነገር የላትም፤ ስለ አካባቢው የድንኳን ሥፍራማ ፈጽሞ የተጻፈ አላገኘሁም። ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ ወደ ዓባይ የወረደ ሰው ከባሕር ጠለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ባለው ቆላ ውስጥ ይገባል፤ ወደ ጮቄ ተራራ የወጣ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ጅብራና ጓሳ በሚበቅልበት ውርጭ ላይ ይቆማል። እንዲህ በአጭር መንገድ ውስጥ ቆላውን፣ ወይና ደጋውን፣ ደጋውንና ውርጩን አከታትሎ የሚያሳይ አገር በመጻሕፍቱ ዘንድ ባዶ ሆኖ መቅረቱ ያሳዝነኛል።

የመምሪያ መጽሐፍ ጥበብ በአውሮፓ ከተስፋፋ ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው፤ የጀርመኑ ካርል ቤዴከር ማተሚያ ቤቱን በ1827 እ.ኤ.አ. አቆመ፣ የእንግሊዙ ጆን መሪም የመጀመሪያውን መምሪያ በ1836 አሳተመ። ድንኳን ተክሎ ማደርን ለመዝናኛ አድርገው የያዙት ሰዎችም የራሳቸውን መጽሐፍ ያገኙት ቶማስ ሂራም ሆልዲንግ የተባለው እንግሊዛዊ ልብስ ሰፊ በ1908 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጊዜ ነው። ወደ እኛ ስንመለስ፣ የኢጣልያ የቱሪስት ማኅበር በ1938 እ.ኤ.አ. ሚላኖ ላይ ስለ አገራችን ትልቅ መምሪያ አሳትሞ ነበረ፤ ሆኖም ያ መጽሐፍ ለወራሪው ተጓዥ የተጻፈ ነው፤ በዚያው ዓመት የጎጃም አርበኞች በየወረዳው ተነሥተው ስለ ነበር፣ በካርታው ላይ በቀለም የተሰመረው መንገድ በምድር ላይ ላለፈበት ሰው ሌላ ነገር ሆኖ ይቆየው ነበረ። በኋላም ፊሊፕ ብሪግስ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየደጋገመ እያረመ ያሳተመው የአገራችን መምሪያ ለብዙ እንግዶች ዓይን ሆኗል፤ ስለዚህም ድካሙ ምስጋና ይገባዋል።

ነገር ግን የሰፈር ዕውቀት ከውጭ የመጣልን ነገር አይደለም። ነገሥታቶቻችን ከከተማ ይልቅ በድንኳን ይኖሩ በነበረበት ዘመን፣ ፊታውራሪው በፊት፣ ቀኛዝማቹ በቀኝ፣ ግራዝማቹ በግራ፣ ደጀኑ በኋላ እየሰፈረ፣ ማንም ሰው የማን ድንኳን ከወዴት እንደሚገኝ ሳይጠይቅ ያውቅ ነበረ፤ በ1520 እ.ኤ.አ. ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም ይህን ሥርዓት አይቶ በመደነቅ ጽፎታል። ያን ያህል ሠራዊት፣ ያን ያህል በቅሎና አጋሰስ የሚይዝ፣ ውኃው የማያልቅ፣ ሣሩና እንጨቱ የሚበቃ መሬት መምረጥ እንዴት ያለ ዕውቀት የሚጠይቅ እንደ ሆነ ለማስተዋል የአንድ ቀን ሰፈር ብቻ ማሰብ ይበቃል።

ከሠራዊቱም ይልቅ ለእኛ ወረዳ የሚቀርበው የሲራራ ነጋዴው ነው። ከዓባይ ማዶ ቡናውን፣ ዝባዱንና የዝሆን ጥርሱን ጭኖ ወንዙን ተሻግሮ ወደ ባሶ ገበያ፣ ከዚያም ወደ ጎንደርና ወደ ምጽዋ የሚጓዘው ነጋዴ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጭነቱን የሚያራግፍበትን ሥፍራ የነጋዴዎቹ አለቃ ነጋድራሱ ይመርጥለት ነበረ፤ ነጋድራሱም ያን ሥፍራ ያወቀው ከአባቱ በቃል ተቀብሎ፣ ዓመት ከዓመት እየተመላለሰ ነው። በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሜጀር ቺዝማን ከ1925 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓባይን ሸለቆ እየዞረ አጥንቶ በ1936 መጽሐፍ ሲያሳትም፣ ድካሙ ለንባብ በቃ፤ የነጋድራሶቻችን ዕውቀት ግን በብራና ሳይሰፍር ከባለቤቶቹ ጋር ተቀበረ። እኔን እጅግ የሚቈጨኝ ይህ ነው።

ስለዚህ ዛሬ በእጃችን ያለውን መምሪያ እናንብብ፤ ስናነብም አነባበቡን እንወቅ። መጽሐፉ የታተመበትን ዓመት መመልከት የመጀመሪያው ነው፤ ጸሓፊው አገሩን ያየው ከኅትመቱ በፊት ስለ ሆነ፣ በሽፋኑ ላይ ካለው ዓመት አንድ ወይም ሁለት ዓመት መቀነስ ይገባል። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ይህ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ፓርክ በአገራችን ካሉት ሁሉ የካምፕ ሥፍራዎቹ በመጻሕፍት በደንብ የተነገረላቸው ነው፤ ከደባርቅ ተነሥቶ ሳንቃ በር፣ ከዚያ ግጭ፣ ከዚያ ጨነቅ እየተባለ የየዕለቱ ጉዞ ተከፍሎ ተጽፏል፤ ጥበቃ ስካውትና መሪ መያዝ እንደሚያስፈልግም ተነግሯል። ይሁን እንጂ የቀድሞዎቹ እትሞች ከካምፑ አጠገብ እንደሚገኝ የሚያወሱት የግጭ መንደር ነዋሪው በ2008 ዓ.ም ወደ ደባርቅ ተዛውሮ ስለ ተለቀቀ፣ በዚያ እትም ተማምኖ ከመንደሩ ዕንቁላል ወይም በቅሎ አገኛለሁ ብሎ የወጣ መንገደኛ ባዶ ሜዳ ያገኛል። መጽሐፉ ዋሽቶ አይደለም፤ ዘመኑ ስላለፈበት ነው።

ሁለተኛም ጸሓፊው አገሩን ያየው በየትኛው ወር እንደ ሆነ መመርመር ያስፈልጋል። የውጭ ጸሓፊ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በበጋ ነው፤ የበጋ ዓይን ደግሞ ስለ ጎጃም መሬት እኩሌታውን ብቻ ይነግረዋል። የሉማሜና የደጀን ሜዳ የጤፍ አገር ነው፤ አፈሩም በብዙው ዋልካ ነው። ዋልካ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ሲያብጥ ካስማ አይዝም፣ ጎማም አያሳልፍም፤ በበጋ ሲደርቅ ደግሞ እግር እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ አንድ መጽሐፍ በሩቅ አይቶ ሰፊና ደልዳላ ሜዳ ነው ያለው መሬት ለድንኳን የማይመች ሊሆን ይችላል። ጨፌውም እንዲሁ ነው፤ በጥርና በየካቲት ሌላው ሁሉ ሲደርቅ እርሱ አረንጓዴ ሆኖ ዓይን ይስባል፤ ነገር ግን ሥሩ እርጥብ ነው፤ ሌሊትም ቀዝቃዛው አየር ከኰረብታው ወርዶ በዝቅተኛው ሥፍራ ስለሚተኛ አመዳዩ የሚወድቀው እዚያ ነው። ከጨፌው ጥቂት ከፍ ብሎ፣ ነፋስ ከሚበረታበት ጫፍ ደግሞ ጥቂት ዝቅ ብሎ መስፈር የአገሬው እረኛ ሁሉ የሚያውቀው ጥበብ ነው። ጤፉ ተወቅቶ ከተነሣ በኋላ በእበት የተለቀለቀው አውድማ ከሁሉ የተሻለ የድንኳን መሬት ነው፤ ምርቱ ባልተነሣበት አውድማ ላይ ግን እንግዳ ሰው ዘልሎ አይገባም። በወንዝ ዳር መስፈርም ያምራል፤ ሆኖም ሙጋ፣ ሱሃና ጨሞጋ ከጮቄ የሚወርዱ ናቸውና፣ ከላይ ዝናብ ጥሎ ከታች ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ደራሽ ውኃ ሊመጣ ይችላል። ወደ ዓባይ ወርዶ በኩራር አካባቢ ሊያድር ያሰበ ደግሞ ዐጎበር ሳይዝ አይውረድ፤ የወባ አገር ነው።

መጽሐፍ የማይነግረው ከዚህም የጠለቀ ነገር አለ። በእኛ ደጋ ጥላ ያለው ደን ተብሎ ከሩቅ የሚታየው በብዙ ቦታ የቤተ ክርስቲያን አጸድ ነው፤ አባቶች የተቀበሩበት፣ የቆሎ ተማሪዎች ጎጆ የቀለሱበት ነው፤ ጥርት ብሎ የሚፈልቀውም ምንጭ ጠበል ሊሆን ይችላል። በዚያ ድንኳን መትከልና ልብስ ማጠብ የአገሩን ሰው ማሳዘን ነው። ባለቤት የሌለው መሬትም የለም፤ የግጦሹ መስክ እንኳ የሚጠብቁት አሉት። ስለዚህ ድንኳኑን ከማውረዱ በፊት ወደ ቀረበው ቤት ሄዶ፣ ለባላገሩ እጅ ነሥቶ፣ መሽቶብኛልና አሳድሩኝ ማለት ይገባል፤ ቤት የእግዚአብሔር ነው የሚል መልስ ያልሰማ መንገደኛ በጎጃም ጥቂት ነው። ያ ባላገር ጅቡ በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ ለሰው የሚሆነው ውኃ የትኛው እንደ ሆነ፣ የቱ ውኃ አልቅት እንዳለበት ይነግረዋል፤ ሌሊቱንም ነቅቶ ይጠብቀዋል። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ በክልላችን በተነሣው ጦርነት ምክንያት መንገደኛ ከመነሣቱ አስቀድሞ መንገዱ ይታለፍ እንደ ሆነ ሊጠይቅ ግድ ሆኖበታል፤ ይህንም የሚያውቀው ያው የአገሩ ሰው ነው። ሰላሙ እስኪመለስ ድረስ ድንኳኑ በቤት ይቆይ።

እስከዚያው ግን ሥራ ፈተን መቀመጥ አይገባንም። ስለ ምሥራቅ ጎጃም በአማርኛ የተጻፈ፣ ኪስ የሚገባ፣ የድንኳን ሥፍራዎችን በየስማቸው የሚዘረዝር መምሪያ ያስፈልገናል፤ በየሥፍራው ውኃው ከመስከረም እስከ ግንቦት የሚዘልቅ መሆኑን፣ አፈሩ ዋልካ ነው ወይስ ቀይ፣ ነፋሱ ከወዴት እንደሚነሣ፣ ፈቃድ የሚጠየቀው ከማን እንደ ሆነ፣ ለባለ መሬቱ ምን እንደሚከፈል፣ ጽሑፉም በየትኛው ወርና ዓመት እንደ ተመረመረ የሚገልጽ መሆን አለበት። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ስለ ጮቄ የሚያጠኑ ናቸውና፣ ከጥናታቸው ጥቂቱን ለዚህ ቢያውሉት፣ የዞኑ የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤትም ማሳተሚያውን ቢያግዝ፣ ከሁለትና ከሦስት በጋ የበለጠ ጊዜ የሚወስድ አይደለም። እናንተም በደጀን፣ በሉማሜ፣ በቢቸናና በደብረ ማርቆስ ያላችሁ አንባቢዎቼ፣ የሲራራ ነጋዴ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ የሆነ ሽማግሌ በጎረቤታችሁ ካለ፣ ነጋዴዎቹ ጭነት ያራግፉባቸው የነበሩትን ሥፍራዎች ስም ጠይቃችሁ በደብተር ጻፉልኝ።