ምስክሩ ማነው? ስለ ማኅሌት ቀረጻዎችና ስለሚመርጡልን ሰዎች

ከበርክሌ እስከ ሳን ሆዜ ተበትኖ በሚኖረው ወገናችን ዘንድ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሳል። «ልጆቼ የያሬድን ዜማ እንዲሰሙልኝ እፈልጋለሁ፤ የትኛውን ላሰማቸው?» መልሱ ቀደም ሲል የሚገኘው ከካሴት ነጋዴው ነበር። ዛሬ የሚገኘው ከዩቲዩብ ነው። ብዙ ሰው ያየው ከላይ ይወጣል፤ ከላይ የወጣው ደግሞ «ትክክለኛው ዜማ» የሚል ስም ያገኛል። ከዚህ አስተሳሰብ ጋር ነው ጠባችን።

ነገሩ ቀላል የሚመስለው ካለ ጥቂት ይታገሠን። እዚህ የተወለደ ልጅ የአብነት ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠም። ከመሪጌታ እግር ሥር ቁጭ ብሎ ዓመታት አላሳለፈም። ለእርሱ መምህሩ የሚሰማው ቀረጻ ነው። ስለዚህ ቀረጻ የሚመርጥለት ሰው መምህር መረጠለት ማለት ነው። መምህር ሲመረጥ ደግሞ መራጩ ማነው ብሎ መጠየቅ የአባት ነው።

ፈረንጆች ቀረጻን ከቀረጻ በማመዛዘን የቆየ ልምድ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1923 እንግሊዝ አገር የተመሠረተው «ግራሞፎን» መጽሔት እስከ ዛሬ ይህንኑ ይሠራል። ኮከብ እየደረደሩ የሚያወጡ መመሪያ መጻሕፍትም ነበሩ። ለምሳሌ የሐንደልን «መሲሕ» እንውሰድ። በ1741 ተደርሶ በ1742 ደብሊን ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማ የመዘምራን ድርሰት ነው፤ «ሃሌ ሉያ» የሚለውን ክፍሉን ያልሰማ አይኖርም። ቶማስ ቢቻም በ1959 ሲያስቀርጸው በግዙፍ ኦርኬስትራ፣ ሐንደል ባልጻፈው ሲምባል ጭምር አጅቦ ነበር። ክሪስቶፈር ሆግውድ በ1980 ያወጣው ግን በ1754 ለንደን በሚገኘው የተጣሉ ሕፃናት ማሳደጊያ የቀረበውን ዓይነት ተከትሎ፣ በጥቂት መሣሪያና በወንዶች ልጆች ድምፅ ነው። ኒኮላስ መጊገን ደግሞ የፊልሃርሞኒያ ባሮክ ኦርኬስትራንና እዚሁ እኛ በምንኖርበት በርክሌ ያለውን የዩኒቨርሲቲውን መዘምራን ይዞ በ1991 ቀረጸው። ሐንደል በየጊዜው ለየዘፋኙ የለዋወጣቸውን ክፍሎች አብሮ አስገብቶ፣ ምርጫውን ለአድማጩ ተወለት።

እንግዲህ ከሦስቱ «ምርጡ» የትኛው ነው? ሐያሲው አምስት ኮከብ ለቢቻም ቢሰጥ አንባቢው ምንም አላወቀም። «እኔ ግርማ ያለው ትልቅ ድምፅ እወዳለሁ፤ የጥንቱን አሠራር የሚፈልግ ግን ወደ ሆግውድ ይሂድ» ቢለው ግን ብዙ ነገረው። ከየት ቆሞ እንደሚናገር የሚገልጽ ሐያሲ፣ ባንስማማበትም እንኳ ይጠቅመናል። ቦታውን የሚደብቅ ሐያሲ ቢስማማንም አይረባንም።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ሊቁ ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው ክፍለ ዘመን በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ እንዳዜመ ቤተክርስቲያናችን ታስተምራለች። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት እንዳደራጁ ይነገራል። ይሁንና ከፊደሉ በላይ የሚጻፈው ምልክት ለተማረው ማስታወሻ ነው፤ ላልተማረው ዝም ይላል። የቀረው ሁሉ ከመምህር አፍ ወደ ተማሪ ጆሮ የሚሄድ ነው። ከዚህም የተነሳ ቤት ተለየ። ድጓው የቤተልሔም፣ የቆማ፣ የአጫብር፣ የተጉለት እየተባለ ይጠራል። አቋቋሙም የጎንደር ላይ ቤትና ታች ቤት፣ የተክሌም አለ። የአንዱን ቤት ዜማ የለመደ ጆሮ የሌላውን ሲሰማ «ተሳስተዋል» ለማለት ይቸኩላል። የተሳሳተ ግን የለም፤ ቤቱ ሌላ ነው።

በአንዱ ቤት ውስጥም ቢሆን ያው ቃል በአንድ ሌሊት ብዙ መልክ አለው። በቁም ያለ ከበሮ በዝግታ ይባላል። በዝማሜ መቋሚያው ይወዛወዛል። በመረግድ ከበሮና ጸናጽል ይገባሉ፤ እያደርም ይፈጥናል። አሁን ደግሞ የመሣሪያውን ጠባይ አስቡ። የአንድ ሸክላ አንድ ገጽ ከ25 ደቂቃ ብዙም አያልፍም። የስልሳ ደቂቃ ካሴት በየገጹ 30 ደቂቃ ነው። የሌሊቱን ማኅሌት በዚህ ውስጥ ማስገባት የፈለገ ሁሉ መቁረጥ ነበረበት፤ ሲቆርጥም ብዙ ጊዜ የሚያስቀረው ከበሮ ያለበትን፣ የሞቀውን ነው። ልጃችን ማኅሌት ማለት ጭብጨባና ከበሮ ብቻ ቢመስለው ጥፋቱ የእርሱ አይደለም።

በ1960ዎቹ የለንደኑ የሆርኒማን ሙዚየም ባልደረባ ጂን ጄንኪንስ የቀረጹት ዜማ በዩኔስኮ ስም በሸክላ ወጥቷል። ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን ሽፋኑ የኢትዮጵያን ዜማ «የኮፕቲክ ቤተክርስቲያን ሙዚቃ» ይለዋል፤ ቤተክርስቲያናችን በ1951 ዓ.ም. የራሷን ፓትርያርክ ካገኘች በኋላ መሆኑ ነው! በአንጻሩ ኬይ ካፍማን ሸለማይና ፒተር ጄፍሪ እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1997 በሦስት ቅጽ ያሳተሙት ሥራ ዜማውን ከነምልክቱ፣ ከነታሪኩና ከነድምፁ ያቀርባል። ይህንን የምናከብረው የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ስለሠሩት ሳይሆን አንባቢው ራሱ አይቶና ሰምቶ እንዲፈርድ ማስረጃውን ስለዘረጉለት ነው።

የራሳችንም ጉድ አለ። ሲኖዶሱ በአገር ቤትና በስደት ተከፍሎ በቆየባቸው ዓመታት፣ እስከ ሐምሌ 2010 ዓ.ም. እርቅ ድረስ፣ ካሴት የሚመረጠው ብዙ ጊዜ በጆሮ ሳይሆን በወገን ነበር። «ይህ የእነ እገሌ ደብር ነው» ከተባለ ግሩም መሪጌታ ቢመራውም አይሰማም። እርቁ ወርዷል፤ ልማዱ ግን በአንዳንዶቻችን ልብ እንዳለ ነው። ያሬድ የማንም ወገን አልነበረም።

አባቶቻችን ለዚህ ሁሉ መድኃኒቱን አስቀምጠውልን ነበር። ስሙ ማስመስከር ነው። ድጓ የተማረ ወደ ቤተልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት የተማረ ወደ ዙር አምባ ሄዶ በመምህራን ፊት ያስመሰክራል። መስካሪው ስሙ ይታወቃል፤ ቤቱ ይታወቃል፤ ተማሪው ቢያበላሽ ውርደቱ ለመስካሪውም ይተርፋል። ኮከብ የሚሰጥ ፈረንጅም ሆነ የዩቲዩብ ቁጥር እንዲህ ያለ ኃላፊነት የለበትም።

ስለዚህ «ይህን ስማ» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ ሦስት ነገር ጠይቁት። የማን ቤት ዜማ ነው? በየትኛው በዓል፣ የት ተቀረጸ? አንተስ ከማን ተማርክ? መመለስ ካልቻለ ምርጫው የእርሱ ምርጫ ብቻ ነው።

ሌላው አደራ በየጓዳችን ስላለው ነው። በሻንጣ ተይዘው የመጡ፣ አንድ ዘመድ በልደት ወይም በጥምቀት ሌሊት የቀረጻቸው ካሴቶች በየቤታችን አሉ። ድምፃቸው የሻከረ ነው፤ ሕፃን ያለቅስባቸዋል፤ ሰው ያስልባቸዋል። ነገር ግን ስቱዲዮ የማያውቀውን ሙሉ ሌሊት የያዙ ሊሆኑ ይችላሉ። የካሴት ክር ከዓመት ዓመት እየደከመ ይሄዳል። አትጣሏቸው። ወደ ኮምፒውተር አስገልብጧቸው፤ መሪውን፣ ደብሩን፣ በዓሉንና ዓመተ ምሕረቱን ጻፉባቸው። መሪው ማን እንደሆነ ድምፁን ሰምተው የሚለዩ አረጋውያን ዛሬ በመካከላችን አሉ፤ ነገ ላይኖሩ ይችላሉና ዛሬውኑ አሰሟቸው።

ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባላል። በኦክላንድም ሆነ በሳን ሆዜ በአንድ አዳራሽ ተሰብስበን፣ አንዱን ቃል ከሁለት ቤት ቀረጻ አከታትለን ብናሰማና አንድ መሪጌታ ልዩነቱን ቢያስረዳን፣ ወጪው የቡናና የዳቦ ነው። ያን ቀን ልጆቻችን «የትኛው ይበልጣል?» ማለታቸውን ትተው «ይህ የማን ቤት ነው?» ብለው መጠየቅ ይጀምራሉ።