ሰፊ ጎማ በትንሽ ሞተር ብስክሌት ላይ

በትንሽ ሞተር ብስክሌት የሚመላለሱ ሰዎች የኋላውን ጎማ አውልቀው በምትኩ ሰፊ ጎማ ማስገባትን እየወደዱት መጥተዋል። ምክንያታቸውም የታወቀ ነው። ከኋላ ሰው ይቀመጣል፥ በሰውየው ጉልበት ላይ ደግሞ እቃ ይጫናል፥ መንገዱም ጭቃና ኮረት ነው። ጎማው ቢሰፋ ጭነቱን ይችላል፥ አይንሸራተትምም ይላሉ። ይሁን እንጂ ከኋላ የሚቀመጡት ብዙውን ጊዜ ሚስትና ልጅ ስለ ሆኑ፥ ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ነገሩን መመርመር ይገባል።

በናይሮቢና በካምፓላ ጎዳናዎች የሚርመሰመሰውን ቦክሰር የተባለውን ባለ 100 ሲሲ ሞተር ለምሳሌ እንውሰድ። (በዚያ አገር ሰው በማመላለስ የሚተዳደሩት ቦዳ ቦዳ ይባላሉ። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በቡሲያ በኩል የኬንያንና የኡጋንዳን ወሰን በብስክሌት ከማሻገር የተጀመረ ሲሆን፥ ስሙም ወሰን ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የወጣ ነው።) የዚህ ሞተር የኋላ ጎማ 3.00-17 ነው። ይኸውም የጎማው ስፋት 3 ኢንች፥ የቸርኬው ስፋት ከዳር እስከ ዳር 17 ኢንች ነው ማለት ነው። ቸርኬ ጎማው የሚቀመጥበት የብረት ቀለበት ሲሆን፥ ቃሉ እንደ ጎማ ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው።

አሁን በዚህ ፋንታ 3.50-17 እናስገባ። በሂሳብ ቢሰላ ጎማው በእያንዳንዱ ጎን ከ6 ሚሊሜትር በላይ ይሰፋል፥ ቁመቱም ከዳር እስከ ዳር 25 ሚሊሜትር ያህል ይጨምራል። መንኰራኵሩ ስላደገ ሞተሩ በአንድ ዙር የሚጎትተው መንገድ ከመቶ 4 እጅ ገደማ ይረዝማል፤ ስለዚህ ዳገት ላይ ድካሙ ይታወቃል፥ ፍሬኑም በዚያው ልክ ይላላል። ጉልበት ለጎደለው ትንሽ ሞተር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የፍጥነት መለኪያው ግን ብዙውን ጊዜ ከፊተኛው ጎማ ስለሚነዳ ለውጡን አያሳይም።

ቀጥሎ ያለው የቸርኬው ወርድ ነው። በቸርኬው ላይ 1.60 ወይም 1.85 ተብሎ ተጽፎ ይገኛል። ባለ 3.50 ጎማ በደንብ የሚቀመጠው ባለ 2.15 ቸርኬ ላይ ነው፤ 1.85 የጥበቱ መጨረሻ ነው፥ በ1.60 ላይ ግን መግባት የለበትም። ጠባብ ቸርኬ ሰፊውን ጎማ ከግራና ከቀኝ ይጨብጠዋል፤ በዚህ ጊዜ የጎማው ጀርባ ይሾላል፥ መሬት የሚነካው መሐሉ ብቻ ይሆናል፥ ቶሎም ያልቃል። የተከፈለበት ስፋት በአየር ላይ ይቀራል ማለት ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ጭቃ ነው። በክረምት በዋልካ መሬት ላይ የሄደ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ጥቁሩ አፈር ከጎማው ጋራ ተጣብቆ ይወጣና በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ይጠቀጠቃል። ፓራፋንጎ ማለት በጣሊያንኛ ጭቃ ከልካይ ማለት ነበር፤ ሰፊ ጎማ ከገባ በኋላ ግን ጭቃ ያዥ ይሆናል። ክፍተቱ ሲሞላ ጎማው መዞሩን ያቆማል፥ ሞተሩም በተሳፋሪው እንደ ተጫነ ወደ ጎን ይወድቃል። ጠባቡ ጎማ ደግሞ የላዩን ጭቃ ቆርጦ ከሥር ያለውን ጠንካራ መሬት ሲያገኝ፥ ሰፊው በላዩ ላይ ይንሳፈፋል። በአሸዋ ላይ የሚመሰገንበት ጠባይ በዋልካ ላይ ጠላት ይሆንበታል።

ስለ ጭነትም እናንሣ። ጭነቱን የሚሸከመው ላስቲኩ ሳይሆን በውስጡ የታመቀው አየር ነው። በጎማው ጎን ላይ ከልኩ ቀጥሎ 50 የሚል ቁጥር ቢገኝ፥ ጎማው የሞተሩን የራሱን ክብደት ጨምሮ 190 ኪሎ ይችላል ማለት ነው። ጎማውን ማስፋት ሱስታውን፥ ፍሬኑንና የቸርኬውን ሽቦዎች አያጠነክርም። በመጽሐፉ የታዘዘውን የአየር ልክ በሳምንት አንድ ጊዜ በጧት፥ ጎማው ሳይሞቅ መለካት ከአዲሱ ጎማ ይልቅ ይጠቅማል፤ ሒሳቡም ሳንቲም ነው።

ሆኖም ለመለወጥ የቆረጠ ሰው ቸርኬው 1.85 ከሆነ 90/90-17 ይበቃዋል። ጎማው ከገባ በኋላ ሁለት ሰዎች ከላይ ይቀመጡ፤ ሌላ ሰውም የኋላውን ጎማ ከሰንሰለቱ፥ ከፎርኬላውና ከፓራፋንጎው ጋራ ያለውን ክፍተት ይመልከት። በየትኛውም በኩል ጣት የማያስገባ ከሆነ ይመለስ። ካላማዳሪያውም ከአዲሱ ጎማ ልክ ጋራ ይገዛ፤ አሮጌው ሲለጠጥ ይሳሳል፥ እሾህ ሲያገኘውም በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። ጎሚስታው መንኰራኵሩን ወደ ኋላ ስቦ ያሰረው እንደ ሆነ፥ ሰንሰለቱና የፍሬኑ ዘንግ ከግቢ ሳይወጡ እንደ ገና ይስተካከሉ።