ድንበር የማያግደው ደዌ፡ የልጅነት ልምሻና የመተማ ሕፃናት

መተማ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1881 ዓ.ም. ስለ ሃይማኖታቸውና ስለ ሀገራቸው የወደቁባት፣ ከሱዳኗ ገላባት ጋር ፊት ለፊት የምትተያይ የድንበር ከተማ ናት። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ በዚህች በር እጅግ ብዙ ስደተኞች ገብተዋል፤ ለሰሊጥ አረምና አጨዳም በየዓመቱ ከደጋው ብዙ ሠራተኛ ወደ ምዕራብ ጎንደር ቆላ ይወርዳል። ሰው በሚመላለስበት መንገድ ደዌም ይመላለሳልና፣ የልጅነት ልምሻ (ፖሊዮ) ነገር በዚህ አካባቢ ልዩ ትኩረት ይሻል።

ሀገራችን የተፈጥሮውን የፖሊዮ ቫይረስ ለመጨረሻ ጊዜ ያየችው በ2006 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል ነው፤ አፍሪካም ነሐሴ 19 ቀን 2012 ዓ.ም. ከዚሁ ቫይረስ ነጻ መሆኗ ተረጋግጧል። ይሁን እንጂ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ፣ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ በሱዳን፣ ከክትባት የመነጨ ዝርያ 2 ቫይረስ ሕፃናትን ሽባ አድርጓል።

«ከክትባት የመነጨ» የሚለው ቃል ብዙ ወላጆችን ያስደነግጣል። በአፍ የሚሰጠው ጠብታ የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ነው፤ የተከተበ ልጅም ለጥቂት ሳምንታት ከሰገራው ጋር ያስወጣዋል። አብዛኞቹ ሕፃናት በተከተቡበት መንደር ቫይረሱ መተላለፊያ አጥቶ ይጠፋል። ብዙዎች ባልተከተቡበት ግን ከልጅ ወደ ልጅ ለረጅም ጊዜ ሲዘዋወር ጠባዩን ለውጦ የመጉዳት ኃይሉን መልሶ ያገኛል። ጠብታው ራሱ የሚያስከትለው ሽባነት እጅግ ጥቂት ነው፤ ከ2.7 ሚሊዮን የመጀመሪያ ጠብታዎች በአንዱ ያህል ይታያል። በአንጻሩ ደዌው ከሚይዛቸው 200 ያህል ሰዎች አንዱን ለዘለቄታው ሽባ ያደርጋል፤ ፈዋሽ መድኃኒትም የለውም። በ2013 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት ጠባዩን በቀላሉ የማይለውጥ አዲስ የዝርያ 2 ጠብታ ለአስቸኳይ ጊዜ አገልግሎት ፈቅዷል። እንግዲህ ከክትባት የሚያሸሸው ፍርሃት የሚፈራውን ነገር ራሱ ያበዛል ማለት ነው።

የሕፃናት ጠብታ እንደተወለዱ፣ ከዚያም በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ይሰጣል፤ በመርፌ የሚሰጠውም ይጨመርበታል። በዚህ ላይ ቤተ ክርስቲያን ልዩ ዕድል አላት። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ሲጠመቅ የስድስተኛው ሳምንት ጠብታ ሁለት ቀን ይቀረዋል። ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ስትጠመቅ የአሥረኛው ሳምንት ካለፈ 10 ቀን ሆኖታል፤ የመጨረሻው ደግሞ 18 ቀን ይቀረዋል። ካህኑ ወይም የንስሐ አባት በዚያ ዕለት «የክትባት ካርዷ የት አለ?» ብለው ቢጠይቁ ያመለጣት ሕፃን ትታወቃለች። ከእርሻ ወደ እርሻ የሚዘዋወር ቤተሰብ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ መዝገብ ላይ ላይገኝ ይችላል፤ ለጥምቀተ ክርስትና ግን ይመጣል።

ጸበል የሚጠመቅ ክርስቲያን ከሐኪም አይጣላም፤ መጽሐፈ ሲራክም ባለ መድኃኒትን እንድናከብር ያስተምራል። በወንጌል አራት ሰዎች ሽባውን ተሸክመው ጣራ አፍርሰው ወደ ጌታ አቅርበውታል። ዛሬ ከእኛ የሚፈለገው ሸክም ከዚያ የቀለለ ነው፤ ልጅን ሽባ ሳይሆን በፊት ታቅፎ ወደ ጤና ኬላ መሄድ፣ የጎረቤትንና የስደተኛውንም ልጅ ሃይማኖቱን ሳይጠይቁ ማስታወስ።