ጉዳያችን አንድ ነው፤ ለሁለት አይከፈልብን

ለተከበረው ምክር ቤት

ጉዳዩ፦ የልጆቻችንን ትምህርትና የመንገዳቸውን ጸጥታ ይመለከታል

እኛ ስማችን፣ ፊርማችንና አሻራችን ከዚህ ጋር ተያይዞ የቀረበው በጋምቤላ ክልል፣ በአኝዋክ ዞን፣ በጎግ ወረዳ፣ በታታ ሐይቅ ዙሪያ የምንኖር ወላጆች፣ ሽማግሌዎችና ዓሣ አጥማጆች ይህን አቤቱታ በታላቅ ትሕትና እናቀርባለን። ጽሑፉ የእኔ ነው፤ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ነገሩ ግን የሁላችንም ነው። ሰዎቹ በአኝዋ ቋንቋ እየነገሩኝ ወደ አማርኛ መለስኩት። አንዳንዱን ቁጣቸውን አለዝቤዋለሁ፤ ሁሉንም ግን አላለዘብኩትም፤ እነሱም እንዳላለዝበው አስጠንቅቀውኛል።

ስናመለክት ይህ የመጀመሪያችን አይደለም። ቀደም ሲል አንድ መሥሪያ ቤት ሄደን ልጆቻችን ከትምህርት ገበታ እየቀሩ ነው ብለን ብናመለክት፣ “ትምህርት ቤቱ አለ፣ መምህር ተመድቧል፣ ልጆቹ በፍርሃት ከቀሩ ጉዳዩ የጸጥታ ነው” ተባልን። እሺ ብለን ወደ ጸጥታው በር ሄድን። እዚያ ደግሞ “የተማሪ ነገር የትምህርት ነው፤ እኛ ወንጀል ሲፈጸም እንመጣለን” አሉን። በማመልከቻችን ጀርባ ላይ በቀይ እስክሪብቶ “ለሚመለከተው ክፍል ይመራ” ተብሎ ተጽፎበት ተመለሰልን። ተመለሰልን ማለቴ፣ ራሳችን ይዘነው ተመለስን። ሁለት ባላ የተከለ ሰው አንዱ ቢሰበርበት በሌላው ይንጠለጠላል ይባላል። እኛ ግን ሁለቱም ባላ ሳይሰበር ከመካከላቸው ነው የወደቅነው። ስለዚህ ዛሬ የምንለምነው ከሁሉ በፊት ይህን ነው፦ ትምህርቱና ጸጥታው በአንድ መዝገብ ይታይልን።

ለምን አንድ እንደሆነ የተማሪዎች ስም መጥሪያው ያስረዳል። ቅጂውን አያይዘናል። መምህሩ የመጣውን በምልክት፣ የቀረውን “ቀ” እያለ ይሞላዋል። ገጹን ገልጦ ለሚያይ ሰው ማንበብ እንኳ አያስፈልገውም፤ ከሩቅ ይታያል። መስከረምና ጥቅምት “ቀ” ናቸው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ልጆቹ ይመጣሉ፣ ገጹ ይሞላል። ጥር እየገባ ሲሄድ “ቀ” ትመለሳለች፤ የካቲትና መጋቢት ላይ አንዳንዱ መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ “ቀ” ብቻ ነው። ሚያዝያ ላይ መምህሩ ራሱ ደክሞት መሰለኝ፣ መጥሪያውን መሙላት ትቷል።

የመስከረሙ ምክንያት ውኃ ነው። የትምህርት ዘመን የሚከፈተው አደይ አበባ ሲፈነዳ ነው፤ ይህ ለደጋው ሰው ልክ ነው፤ ዝናቡ አልፎለታል፣ መንገዱ ደርቆለታል። እኛ ዘንድ ዝናቡ ከግንቦት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። በመስከረም ጊሎ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ላይ ይተኛል፣ ጭቃው ጉልበት ይውጣል፣ አዞም ከወንዙ ወጥቶ ሰው በሚሄድበት ውኃ ውስጥ ይገባል። የሰባት ዓመት ልጅ በዚያ እንዲያልፍ የሚልክ ወላጅ የለም፤ ቢልክም የምንከስሰው እኛው ነን። ታንኳ ያለው ሰው ልጁን ያሻግራል። ታንኳ ያለው ግን ስንቱ ነው?

በጥር ውኃው ይሸሻል፣ ሳሩ ይቃጠላል፣ መንገዱ ይከፈታል። ለእኛ የተከፈተው መንገድ ለሌላውም የተከፈተ ነው፤ ሁለተኛው ምክንያት ይህ ነው። በጋ ሲገባ ወንዙ በእግር ይሻገሩታል፤ የሙርሌ ታጣቂዎች ከደቡብ ሱዳን ድንበር ማዶ ከብት ለመንዳትና ሕፃናት ለመውሰድ የሚመጡትም በዚሁ ወቅት ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2008 ዓ.ም. በኑዌር ዞን፣ በላሬና በጂካዎ ወረዳዎች የደረሰውን አገር ሁሉ ያውቀዋል። ከ200 በላይ ሰው ተገደለ፣ ከ100 በላይ ሕፃናት ታፍነው ተወሰዱ፤ መንግሥት የሁለት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ። ያን ጊዜ የኑዌር እናት ያለቀሰችውን እንባ የአኝዋክ እናት ታውቀዋለች፤ የጎግም የጆርም የዲማም ወረዳዎች በልዩ ልዩ ጊዜ ቀምሰውታል። ልዩነቱ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ጥቂት በጥቂት መሆኑ ነው። አንድ ልጅ፣ ሁለት ልጅ፣ ጥቂት ከብት። ለጥቂት ደግሞ ሐዘን አይታወጅም።

ወሰኑን ያሰመርነው እኛ አይደለንም። በግንቦት 1894 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መካከል የተፈረመው ውል የአኮቦንና የፒቦርን ወንዞች ድንበር ሲያደርግ፣ አኝዋክ ከወንዞቹ በዚህም በዚያም ቀረ። ያንን አሁን ማንሳት የፈለግነው ለክርክር ሳይሆን፣ ድንበር መጠበቅ ከዓሣ አጥማጅ አቅም በላይ መሆኑን ለማስታወስ ነው። በ2015 ዓ.ም. የክልሎች ልዩ ኃይል በመከላከያ፣ በፌዴራልና በክልል ፖሊስ እንዲጠቃለል በተወሰነ ጊዜም ውሳኔውን አልተቃወምንም፤ የመንግሥት ሥራ ነው። ጥያቄያችን ቀላል ነው፦ ልጆቻችን በሚሄዱበት መንገድ ላይ ከዚያ በፊት ይቆም በነበረው ሰው ቦታ ማን ቆሟል? እስካሁን ያየነው መልስ አባቶች ናቸው።

አባቶች እንዴት እንደሚቆሙ ላስረዳ። በጋ ላይ ልጆቹ ለብቻቸው አይሄዱም። ጠዋት ሁለት መንደሮች ይገናኛሉ፣ ልጆቹ በአንድ መስመር ይሰለፋሉ፣ አንድ አባት ከፊት፣ አንድ አባት ከኋላ። ጦር የያዘ አለ፣ ዱላ የያዘ አለ። ትምህርት ቤቱ ሲደርሱ አባቶቹ ወደ ሐይቁ አይመለሱም፤ መንገዱ ሩቅ ስለሆነ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ልጆቹ እስኪለቀቁ ይጠብቃሉ። የዚያ ቀን መረብ አልተጣለም ማለት ነው። ቆሮሶም አምባዛም አልተያዘም፣ ገበያ የሚወጣ የደረቀ ዓሣም የለም። የአንድ ልጅ የአንድ ቀን ትምህርት ዋጋ የአንድ ቤት የአንድ ቀን እራት ነው። አንዳንድ ቤት አንድ ሳምንት ይችላል፤ ከዚያ “ቀ” ይጀምራል። ወላጆች ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት አይልኩም፣ ለትምህርት ግንዛቤ የላቸውም እየተባለ በስብሰባ ላይ ሲነገር እሰማለሁ። ይህ ቃል እኔን እንደ መምህር ሳይሆን እንደ አባት አሳዝኖኛል።

ፖሊሶቹን አንወቅስም። ከመካከላቸው ከልጅነቱ ያስተማርኩት አለ። ግን ባለፈው በጋ ከብት ፈላጊዎች ታጣቂ አየን ብለው ሲሮጡ በመጡ ጊዜ በአቅራቢያ ባለው ጣቢያ የነበረው ሞተር ሳይክል ቆሞ ነበር፤ ቤንዚን አልነበረውም። “ቤንዚን አምጡና እንወጣለን” አሉን። እነሱም እውነታቸውን ነው፤ ከኪሳቸው ሊገዙ አይችሉም። ሴቶቹ ለገበያ ያዘጋጁትን የደረቀ ዓሣ ሸጠው የአንድ ጀሪካን ግማሽ ያህል ቤንዚን ገዙ። ሞተሩ ሲነሳ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። በዚያ ቀን ደግነቱ ማንም አልተነካም፤ ታጣቂ የተባለውም ምናልባት አዳኝ ነበር። ሆኖም ስለዚያ ጀሪካን ዝም ማለት አልቻልንም፤ በየትኛው ሕግ ነው እናት ዓሣ ሸጣ ፖሊስ የምታንቀሳቅሰው?

ስለ እሳቱም ጥቂት እንበል። ቤታችን የሳር ጎጆ ነው፤ በበጋ ሜዳው በየአቅጣጫው ስለሚቃጠል አንድ ነፋስ አንድ መንደር ለመጨረስ ይበቃል። አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ክረምቱን ያሳለፈ የልጅ ልጄ 939 የሚለውን ቁጥር ይዞ መጣ፤ እሳት ሲነሳ ተደውሎ መኪና ይመጣል ብለው አስተምረውታል። ለሰፈሩ ልጆች ሁሉ አስጠናቸው። ባለፈው የካቲት አንድ ጎጆ ሲቃጠል እኛ ባልዲ ይዘን ስንሮጥ፣ እሱ ጠጋ ብሎ “አባባ፣ እዚህ ብንደውል መኪናው ከየት ነው የሚመጣው?” አለኝ። መምህር ሆኜ ኖሬ መልስ ያጣሁበት ጥያቄ ጥቂት ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ጋምቤላ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከጋምቤላ በአቦቦ በኩል እኛ ዘንድ ለመድረስም ሌላ መንገድ አለ። የእሳት አደጋ መኪና ዛሬውኑ ይቁምልን አንልም፤ ነገሩን እናውቃለን። አንድ ሰው በሬዲዮ የሚጠራበት፣ ጥቂት የውኃ በርሜልና አካፋ የተቀመጠበት አንድ ቦታ ይኑር ነው የምንለው።

ስለ መምህራን ጉዳይ እኔ ስናገር የራሴን ሙያ እየተሟገትኩ ነው ተብሎ ይታማብኝ ይሆናል፤ ይሁን። ወጣት መምህር ይመደብልናል፤ ይመጣል፤ ወባ ይይዘዋል፤ ማደሪያ አጥቶ ከመማሪያ ክፍሉ በአንዱ ይተኛል፤ ሌሊት ተኩስ የሰማ ዕለት ጠዋት ሻንጣው ተጠቅልሏል። አንፈርድበትም። የቀረው መምህር ደግሞ ሁለት ክፍል በአንድ ላይ ያስተምራል፤ ሰሌዳውን መሀል ላይ በጠመኔ ከፍሎ በግራ የሁለተኛ ክፍል፣ በቀኝ የሦስተኛ ክፍል ይጽፋል። አንድ ጊዜ ቁጭ ብዬ አይቼዋለሁ። የሦስተኛ ክፍሎቹ ዝም ብለው የሁለተኛውን ይገለብጡ ነበር፤ ቀለል ስላለላቸው።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ተፈትነው ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር አገሩ ደነገጠ፤ መደንገጡም ትክክል ነው። እኛ ግን ወሬውን በሬዲዮ ስንሰማ እርስ በርሳችን ተያየን። ለመውደቅ እንኳ እዚያ መድረስ ያስፈልጋል። ከሐይቁ ዳር የሚነሱ ብዙዎቹ ልጆቻችን ከወደቁት ጋር አልተቆጠሩም።

አንድ ነገር እንዳይሳሳት እንፈልጋለን። በፑኝዶ የስደተኞች ጣቢያ ስላለ ለስደተኛው የሚደረገው ለእኛ ይደረግ የሚሉ ሰዎች አሉ። እኛ በዚህ ቃል አንፈርምም። በ1980 ዓ.ም. ገደማ ከሱዳን ጦርነት የሸሹ፣ ያለ አባት ያለ እናት የመጡ በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች ፑኝዶ ሰፍረው በዛፍ ጥላ ሥር ፊደል ቆጥረዋል፤ በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ በጥድፊያ ጊሎን ሲሻገሩ ብዙዎቹን ውኃ ወሰዳቸው። ያንን ያዩ ሽማግሌዎች ዛሬ ከፈራሚዎቹ መካከል አሉ። የሰው ልጅ በእኛ ምድር እንዲማር መሬት የሰጠን ሕዝብ ነን። የምንጠይቀው የእነሱን ድርሻ አይደለም፤ የእኛን ነው።

የተከበራችሁ፣ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አቤቱታ የማቅረብ መብት በአንቀጽ 30 ሰጥቶናል፤ በአንቀጽ 41 መንግሥት ለጤናና ለትምህርት እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ አዟል፤ በአንቀጽ 52 ደግሞ ክልሉ የራሱን ፖሊስ አደራጅቶ ጸጥታ እንዲያስጠብቅ ሥልጣን ሰጥቷል። ትምህርቱም ፖሊሱም የተጻፉት በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ነው፤ እኛ ዘንድ ሲደርሱ ነው የተለያዩት።

ስለዚህ የምንጠይቀው እንዲህ ነው። የትምህርቱና የጸጥታው ኃላፊዎች አብረው፣ በአንድ መኪና፣ በየካቲት መጥተው ልጆቹ የሚሄዱበትን መንገድ በእግራቸው ይዩት፤ በመስከረም ቢመጡ ግማሹን ብቻ ነው የሚያዩት። በመንገዱ መሀል ሁለት ሦስት ፖሊስ የሚያድርበት፣ ሬዲዮና የተረጋገጠ ነዳጅ ያለው ኬላ ይቁምልን፤ ለግንባታው እንጨትና ሳር እኛ እናቀርባለን፣ ጉልበትም አለን። ከትምህርት ቤቱ ጎን ለመምህራን ማደሪያ ይሠራ፤ ኬላውና ማደሪያው ቢቀራረቡ ሁለቱም ይጠናከራሉ። የትምህርት ዘመኑም ለእኛ ለቆላው ሲባል በጥቂት ሳምንታት ሊዘዋወር ይችል እንደሆነ በባለሙያ ይጠናልን። ይህን የመጨረሻውን ዛሬ አድርጉት አንልም፤ ሌሎቹን ግን ዛሬ አድርጉት እንላለን። አንድ ሌላ በጋ በአባቶች ትከሻ አያልፍም፤ ይህን በትሕትና ብንጽፈውም በቁርጥ ነው የምንናገረው።

መልሱ በጽሑፍ እንዲሆን እንለምናለን። በቃል የተሰጠን ተስፋ ብዙ ነው፤ ማስቀመጫም አጥተንለታል። የፖስታ ሣጥን የለንም፤ ደብዳቤው ከጋምቤላ ወደ ጎግ በሚመላለስ በማንኛውም መኪና ሾፌር እጅ ቢላክ ለእኛ ይደርሰናል። በጀርባው ላይ ለሌላ ክፍል የሚመራ ጽሑፍ እንዳይኖርበት እንማጸናለን። ከጥር መጨረሻ በፊትም ይድረሰን፤ ከዚያ በኋላ ሳሩ ይቃጠላል።

አባሪ፦ የተማሪዎች ስም መጥሪያ ቅጂ፣ የፈራሚዎች ፊርማና አሻራ