ቮልሷ ደብረ ታቦር የምትደርሰው መቼ ነው?

የአዲስ አበባ የቮልስ ወዳጆች አሮጌ መኪኖቻቸውን ወልውለው ተከታትለው ሲነዱ፣ «አገር እንዲህ ሆና ሽርሽር?» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። ጥፋቱ መውጣታቸው ሳይሆን ርቀው መሄድ አለመቻላቸው ነው።

ቮልስ የደጋ መኪና ናት። ሞተሯ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ዳገት ላይ «ውሃ ፈላ» ብላ አትቆምም። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ያለውን ዳገት ቀስ ብላ ትወጣዋለች። ቡሄን በስሙ በተጠራው ከተማ ማክበር፣ ከዚያ ጉናን እያዩ ወደ ጋይንት መንዳት፤ ከዚህ የተሻለ ጉዞ የት አለ?

መኪናዋ ትችላለች። ያልቻለው መንገዱ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ጦርነቱ፣ የመንገድ መዘጋቱና እገታው ክልሉን አስረውታል።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል ከደብረ ታቦር መቅደላ ለማድረስ፣ መንገድ እያስጠረጉ ስድስት ወር ገደማ ፈጅቶባቸዋል። ያ መንገድ ለመድፍ የተጠረገ ነበር። ከ150 ዓመት በኋላም መንገዳችን የመድፍ ሆኖ መቅረት የለበትም።

«ይሄ የቅንጦት ጥያቄ ነው» የምትሉ ወገኖች ልብ በሉ። ለሽርሽር የሚያስፈራ መንገድ ምጥ ለያዛትም እናት፣ ድንች ለጫነውም አይሱዙ፣ ዩኒቨርሲቲ ለሚሄደውም ተማሪ ያው ያስፈራል።

ስለዚህ መንግሥትም ታጣቂውም «ሰላም ነው፣ መንገዱ በእጃችን ነው» እያላችሁ መግለጫ አታብዙብን። የእኛ መለኪያ ቀላል ነው፦ አንዲት አሮጌ ቮልስ፣ ያለ አጃቢ፣ ደብረ ታቦር ደርሳ በሰላም ትመለስ። ያን ጊዜ እናምናችኋለን።